በእናቴ ወጥ ቤት የተፈታው ጠመንጃ

ዕቃው ሐሙስ ከሰዓት ደረሰ። ሦስት ሳምንት ጠብቄዋለሁ። ጠዋት ስነሳ ስልኬን ከፍቼ አያለሁ፤ "በመንገድ ላይ" ይላል። ማታ ስተኛም አያለሁ፤ "በመንገድ ላይ" ይላል። አሥራ አንድ ቀን ሙሉ አንድ መጋዘን ውስጥ ተጎልቶ መንገድ ላይ ነኝ ሲለኝ ከረመ።

የማዝዘውን ነገር ሁሉ የማስልከው በእናቴ አድራሻ ነው። ቀን ቀን ቤት ስለማልገኝ። ጥቅሙ፣ ዕቃው አይጠፋም። ጉዳቱ፣ እኔ ከማየቴ በፊት እናቴ በእጇ ትመዝነዋለች፣ ትነቀንቀዋለች፣ ጆሮዋ ላይ ታደርገዋለች። ከዚያ ትደውላለች።

"ይቺ ደግሞ ትንሽ ናት። ምንድን ነው የገዛኸው?"

"ሞላና ጓርኒሲዮን።"

"ለመኪናው?"

"ለጠመንጃው።"

ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ "እራት እዚህ ብላ" አለችኝ። እናቴ የምትለው ነገር ኖሯት እንዴት እንደምትጀምረው ሲቸግራት እራት ትጋብዛለች።

ጠመንጃ ስል ማንም አይደንግጥ። የአየር ጠመንጃ ነው። ባሩድ የለው፣ ቀለህ የለው። ዲያና 27 ይባላል፤ የጀርመን ሥራ ነው፣ ራሽታት ከሚባል ከተማ። የኔው በፈረንጆቹ 1971 የተሠራ ስለሆነ በዕድሜ ይበልጠኛል። ቤቱን እያጸዳ ዕቃ ከሚቀንስ አንድ ሽማግሌ ነው የገዛሁት። ሰደፉ ጭረት በጭረት ነው፣ ብረቱ ላይ ደግሞ ያቺ የታወቀችው ሴትዮ ተቀርጻለች፦ አዳኟ አምላክ ዲያና፣ ቀስቷን ወርውራ ጠመንጃ ከራሷ በላይ ያነሳችው። እናቴ መጀመሪያ ያየችው እሷን ነው። "ልብሷ በንፋስ ሊሄድ ነው እኮ" ብላ ቀና አደረገችው።

ለእናቴ ጠመንጃ ሁሉ "ውጅግራ" ነው። የውሃ መርጫ አሻንጉሊት ብታይም ውጅግራ ነው የምትለው። እኔም አንድ ቀን ይህ ቃል የመጣው በ1874 ከወጣው ግራ ከሚባለው የፈረንሳይ ጠመንጃ እንደሆነ፣ እሱም በአንድ ጊዜ አንድ ጥይት ብቻ እየጎረሰ የሚተኩስ እንደነበር አስረዳኋት። "ያንተስ ስንት ይጎርሳል?" አለችኝ። "አንድ።" "ታዲያ ውጅግራ ነዋ።" መልስ አጣሁ።

ችግሩ የጀመረው ካለፈው ክረምት ጀምሮ ነው። ድሮ ባዶ ቆርቆሮ በአንድ በኩል ገብቶ በሌላው የሚወጣው ጥይት፣ አሁን ቆርቆሮውን መብሳት ትቶ ማንኳኳት ጀመረ። ስተኩስም "ድንንንን" የሚል የክራር ዓይነት ድምፅ አለው። የዚህ ዓይነት ጠመንጃ አሠራሩ ቀላል ነው። በርሜሉን እንደ እንጨት ወደ ታች ስትሰብረው ውስጥ ያለው ትልቅ ሞላ ይጨመቃል። ምላጩ ሲሳብ ሞላው ፒስተኑን ወደ ፊት ይወረውረዋል፤ ፒስተኑ ከፊቱ ያለውን አየር ያፍነዋል፤ የታፈነው አየር በአንዲት ጠባብ ቀዳዳ ወጥቶ የእርሳስ ጥይቷን ይገፋታል። በቃ። እንግዲህ ሞላው ከደከመ ወይም ከፒስተኑ ጫፍ ያለው ጓርኒሲዮን አየር ካሳለፈ፣ ማንኳኳት ብቻ ይሆናል የቀረው። እኔ ሁለቱንም ጠርጥሬ ሁለቱንም አዘዝኩ።

ስደርስ ወጥ ቤት ውስጥ ሾርባ ተጥዷል። ጠረጴዛው ላይ አሮጌ አንሶላ ተነጥፏል። እናቴ ቀድማ አዘጋጅታ ጠበቀችኝ ማለት ነው። ይህን ስላደረገች ብቻ የማዝዘውን ነገር በሙሉ ይቅር ያለችኝ መሰለኝ፤ ተሳስቻለሁ።

"መጀመሪያ ባዶ መሆኑን አሳየኝ" አለች።

በርሜሉን ሰብሬ በቀዳዳው መብራቱን አሳየኋት። ራሷ ዓይኗን አስጠግታ አየች። ሌላው ቀርቶ እኔን አምና አታውቅም፤ በዚህ ጉዳይ ግን ልክ ናት። ይቺ ነገር ሳትደረግ ካቻቢቴ አይነሳም።

ጠረጴዛው አንድ እግሩ ያጥራል። ከልጅነቴ ጀምሮ ያጥራል። ስትደገፍበት ወደ ግራ ያዘነብላል፣ ስትለቀው ወደ ቀኝ ይመለሳል። ስለዚህ ያስቀመጥኩት ብሎን ሁሉ እየተንከባለለ ወደ እናቴ ይሄዳል። እሷ ደግሞ እየለቀመች ክዳን ውስጥ ታስቀምጥልኛለች።

ሰደፉ በቀላሉ ወጣ። ከዚያ በኋላ ነው የሚያስፈራው። ከኋላ ያለውን መዝጊያ የያዙት ሁለት ዘንጎች ናቸው፤ ከመዝጊያው ጀርባ ደግሞ ሞላው ተጨምቆ ተቀምጧል። ዘንጎቹን ዝም ብለህ ካወጣሃቸው መዝጊያው ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ ከግድግዳው በፊት ፊትህ ካለ ፊትህ ላይ። ስለዚህ ረጅም የአናጢ ሞርሳ ይዤ ሄጃለሁ። ጠመንጃውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በሞርሳው አሰርኩት፣ ትንሽ አጠበቅኩት፣ ዘንጎቹን በቀስታ መትቼ አስወጣሁ። እናቴ ይህን ስታይ የመነጽሯን መያዣ ከፍታ የስፌት መነጽሯን ዓይኔ ላይ ሰካችው። ሁሉም ነገር ሦስት እጥፍ ሆኖ ታየኝ። የራሴን የመከላከያ መነጽር ቦርሳዬ ውስጥ ረስቼው ነበርና አፍሬ አወጣሁት።

ሞርሳውን ሩብ ዙር፣ ሩብ ዙር እያልኩ ለቀቅኩ። መዝጊያው ቀስ እያለ ወጣ። ሞላው ሲወጣ ጠረጴዛው ላይ አንከባለልኩት። ጤነኛ ሞላ ቀጥ ብሎ ይንከባለላል። የኔው እንደ ሰከረ ሰው እየተወላገደ ሄዶ እናቴ ጋ ደረሰ። "ይሄስ ወገቡን ነው የታመመው" አለች። ልክ ነበረች። "ድንንን" የሚለው ድምፅ ከዚያ ነው የሚመጣው።

ከዚያ ብዮቹ።

የዲያና 27 ምላጭ አሠራሩ ያምራል። ፒስተኑን ወደ ኋላ ስትጎትተው የሚይዙት ሦስት ጥቃቅን የብረት ብዮች ናቸው። ምላጩ ሲሳብ ብዮቹ ገለል ይሉና የፒስተኑ ዘንግ ይለቀቃል። ሦስት እንደሆኑ አንብቤያለሁ። ሁለቱ እጄ ላይ ቀሩ። ሦስተኛው "ቲክ" አለ፣ ከዚያ ራቅ ብሎ "ቲክ" አለ፣ ከዚያ ዝም።

ያለ እሱ ጠመንጃው ብረት ነው። ተንበርክኬ ወለሉን በመዳፌ መጥረግ ጀመርኩ። እናቴ ግን አልተንቀሳቀሰችም። "ተው፣ ትገፋዋለህ" አለችኝና ሄዳ የወጥ ቤቱን መብራት አጠፋችው። ባትሪ አብርታ ወለሉ ላይ በጎኑ አስተኛችው። በዚያ ብርሃን እያንዳንዱ የአቧራ ቅንጣት ረጅም ጥላ አወጣ። አንድ የሩዝ ፍሬ፣ አንድ የወደቀ መርፌ፣ ከምጣዱ ሥር ደግሞ አንዲት ክብ ነገር፣ ጥላዋ እንደ ጣት የረዘመ። "ያቻት" አለች። እናቴ ጡረታ እስክትወጣ ድረስ የቆዳ ቦርሳ ስትሰፋ የኖረች ሴት ናት፤ መርፌ የሚፈለገው እንዲህ ነው አለችኝ። ያን የወደቀውንም መርፌ አነሳችው። "ይሄን ከበዓል ጀምሮ ስፈልገው ነበር።"

አሁን ሣጥኑን ከፈትኩ። ሞላው አዲስ፣ ዘይት የተቀባ፣ የሚያብረቀርቅ። ጎን ለጎን ሳስተያያቸው አሮጌው በሁለት ጣት ያህል አጥሯል። ደስ አለኝ። ከዚያ ጓርኒሲዮኑን አወጣሁት።

አይገባም።

በካሊፐር ለካሁት፤ ከአሮጌው በ3 ሚሊ ሜትር ይሰፋል። ለዲያና 35 የተሠራ ነው፣ ለትልቁ ወንድሙ። እንዴት እንደተናደድኩ አትጠይቁኝ። ሦስት ሳምንት! ሻጩን መቼም ያላልኩት የለም። እናቴ ሾርባውን እያማሰለች ሰማችኝ፣ ጨረስኩ እስክል ጠበቀችኝና "እስኪ ያዘዝክበትን አሳየኝ" አለች። ስልኬን አወጣሁ። ትዕዛዙ ላይ በደማቁ "35" ተጽፏል። ተጭኜ የመረጥኩት እኔው ነኝ። ሻጩ ያዘዝኩትን ነው የላከልኝ። እናቴ ምንም አላለችም፤ ማንኪያውን ድስቱ ጠርዝ ላይ ሁለቴ መታ መታ አድርጋ አስቀመጠችው። ከዚህ በላይ ብትናገር ይሻለኝ ነበር።

ሌላ ሦስት ሳምንት መጠበቅ ነው እያልኩ ዕቃውን መሰብሰብ ስጀምር ፒስተኑን አንስታ ጫፉን አየችው። አሮጌው ጓርኒሲዮን ከቆዳ ነው። እንደ ትንሽ ስኒ የተቀረጸ፣ መሃሉ ላይ በአንድ ብሎን የታሰረ። ጠርዙ ደርቆ ወደ ውስጥ ተጠቅልሏል። በአውራ ጣቷ ጫን አለችው፤ ቀጭ የሚል ድምፅ አሰማ።

"ማን ነው ይሄን ሞቷል ያለህ?"

"ደርቋል እኮ፣ እማ።"

"ደርቋል እንጂ አልተሰነጠቀም። ጠምቶት ነው።"

ብሎኑን አስፈታችኝ። ቆዳውን መብራቱ ላይ አድርጋ ዙሪያውን አገላብጣ አየችው፤ ጠርዙን ታጥፋለች፣ ትለቃለች፣ ትጠብቃለች። እኔ አንድ ነገር ሳይ "ይሠራል ወይስ አይሠራም" ብዬ ነው። እሷ የምታየው ስንት እንደቀረው ነው። ከመደርደሪያው ላይ ከሥራ ዘመኗ የተረፈውን የቆዳ ዘይት አወረደች፤ ያ ከከብት እግር የሚወጣው፣ ለጫማና ለኮርቻ የሚቀባው። በስኒ ቀዳችና ስኒውን ለብ ያለ ውሃ ያለበት ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ አስቀመጠችው። እሳት ላይ ብናደርገው ይፈጥናል ስላት እንደ ልጅ ገሠጸችኝ፤ ቆዳ ሙቀት ሲበዛበት ይኮማተራል፣ ከዚያ ወዲያ አይመለስም። ቆዳውን ዘይቱ ውስጥ ስትከተው ጥቃቅን አረፋዎች ተራ በተራ መውጣት ጀመሩ። አየሩ ሲወጣ ዘይቱ ይገባል። አረፋው ሲያቆም ጠግቧል ማለት ነው።

"እስከዚያው እንብላ።"

ጠረጴዛው ግማሹ ጠመንጃ ግማሹ እራት ሆነ። ሾርባው ሞልቶ ስለነበር ማንኛችንም በክንዳችን እንዳንደገፍ ተጠንቅቀን ነው የበላነው፤ ያም ሆኖ የኔው ወደ ግራ ፈሰሰ። ልትለኝ የፈለገችው ነገር እዚህ ላይ መጣ። ጉዳዩ ጠመንጃው አልነበረም። "ሣጥኑ ሲመጣ ብቻ ነው የምትመጣው" አለችኝ፣ ሳህኗን እያየች። ባለፈው የብስክሌት ሰንሰለት፣ ከዚያ በፊት የራዲዮ አንቴና። ቆጥራቸዋለች። ምን እንደምመልስ ስላላወቅኩ ዳቦ ቆረስኩ።

ወሬ ለመለወጥ የአየር ጠመንጃ ታሪክ አመጣሁ። ጊራርዶኒ የሚባል ሰው በ1780 አካባቢ ለኦስትሪያ ጦር የአየር ጠመንጃ ሠርቶ እንደነበር፣ ሰደፉ ራሱ የታመቀ አየር ማጠራቀሚያ እንደሆነ፣ ሃያ ያህል ጥይት ሳይሞላ እንደሚተኩስ ነገርኳት። በዚያ ዘመን ሌላው ወታደር ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ ባሩድና ጥይት በአፈሙዙ እየጠቀጠቀ ነበር። አሳሾቹ ሉዊስና ክላርክ አሜሪካን አቋርጠው እስከ ፓሲፊክ ውቅያኖስ ሲጓዙም የአየር ጠመንጃ ይዘው ነበር፤ በየደረሱበት እየተኮሱ ሰው ያስገርሙበት ነበር።

"አየሩን በምን ይሞሉታል?"

"በእጅ ፓምፕ። 1,500 ጊዜ ያህል እየነፉ።"

ማንኪያዋን አስቀመጠች። "1,500 ጊዜ ነፍቶ ደግሞ ሊዋጋ? እኔ ብሆን እዚያው እተኛለሁ።"

ሳህኖቹን ስናነሳ አረፋው አቁሞ ነበር። ሁለት ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ቀርቶታል። እናቴ ቆዳውን አውጥታ በጨርቅ ጠረገችው፣ ከዚያ በሁለት አውራ ጣቶቿ ጠርዙን ወደ ውጭ እየገፋች ዙሪያውን አሸችው። ዝም ብላ፣ ሳትቸኩል። የተጠቀለለው ጠርዝ ተከፈተ። ቀለሙም ከግራጫ ወደ ቡናማ ተመለሰ። ፒስተኑ ላይ አስረን ወደ ቱቦው ስንከተው፣ ገፋ አድርጌ ቀዳዳውን በጣቴ ደፈንኩት፤ ፒስተኑ አየሩ ላይ ተደግፎ ቆመ። ለወራት ያላየሁት ነገር ነው።

መግጠም ሁልጊዜ ከመፍታት ይከብዳል። ሞላውን ወፍራም ግራሶ ቀባሁት፤ ንዝረቱን ይይዛል፣ ከበዛ ግን ሞላውን ያዘገየዋል። ብዮቹን በቦታቸው የሚያቆያቸውም ግራሶ ነው። የኔ ጣቶች አልቻሉም። ሁለቴ ሞክሬ ሁለቴ ወደቁ፣ ደግነቱ አንሶላው ላይ። እናቴ የፀጉር መያዣዋን ነቅላ ጫፉን ግራሶ አስነካችው፣ ብዮቹን አንድ በአንድ እያጣበቀች አስገባቻቸው። ከዚያ እሷ ሞርሳውን ስታጠብቅ እኔ ዘንጎቹን ይዤ ጠበቅኩ።

"አሁን?"

"ትንሽ።"

"አሁን?"

"አሁን!"

ገባ። ሁለተኛውም ገባ። ሰደፉን አሰርኩ፣ እጄን ጠረግኩ፣ ክዳኑ ውስጥ አየሁ። አንድ ብሎን ተርፏል።

ላብ አሰመጠኝ። እንደገና ልፈታው ነው። የቱ ነው? የምላጩ? የማነጣጠሪያው? እናቴ ብሎኑን አንስታ አየችው። "ይሄ የድስቱ ክዳን እጀታ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ወልቆ ነው ያስቀመጥኩት።" ብሎኖቼን የምትለቅምበት ክዳን እሱ ነበር።

ኮሪደሩ ስድስት ሜትር ያህል ይሆናል። የዒላማው ወረቀት የሚለጠፍበት የጥይት ማስቆሚያ ሣጥኔ ከኋላው ወፍራም ላሜራ አለው፣ ፊቱ በጨርቅ የተጠቀጠቀ ነው። የአየር ጠመንጃ ሕጉ በየአገሩ ይለያያል፤ ግድግዳና ጎረቤት ግን የትም ቢሆን ግድግዳና ጎረቤት ነው፣ ስለዚህ በሣጥኑ ጉዳይ አላመቻምችም። ሁለታችንም መነጽር አደረግን። እናቴ ከኋላዬ ቆመች። አቀባበልኩ፣ አነጣጠርኩ፣ ሳብኩ።

"ጧ!"

ከአፈሙዙ ነጭ ጭስ ወጣ። የተቃጠለ ዘይት ሸተተ። እናቴ ትከሻዬን ያዘች። "ባሩድ የለውም አላልክም?"

የለውም። አየር በድንገት ሲታመቅ በጣም ይግላል፤ ፊቱ ያገኘውን ዘይት ያቀጣጥላል። የናፍጣ ሞተር የሚሠራውም በዚሁ ነው። ቆዳው ገና ዘይት ስለጠጣ ትርፉ ነው የነደደው። ሁለተኛው ጥይት ላይ ጭሱ ቀነሰ፣ አራተኛው ላይ ጠፋ። ድምፁም ተለወጠ። "ድንንን" የለም። አጭር፣ ድፍን ያለ "ጡክ" ብቻ። "አሁን እንደ ስፌት መኪናዬ ሆነ" አለች እናቴ።

አምስት ጥይት ተኮስኩና ወረቀቱን አወጣሁ። የአየር ጠመንጃ ከ1984 ጀምሮ ኦሊምፒክ ውስጥ አለ፤ በ10 ሜትር ነው የሚተኮሰው፣ አሥር ነጥብ የምታሰጠው ነጥብ ደግሞ ስፋቷ 0.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ናት። እኔ እዚያ ሰፈር የለሁም። ግን አምስቱ ቀዳዳዎች ተጠጋግተዋል። "ተመልከች፣ የሸሚዝ ቁልፍ ይሸፍናቸዋል" አልኳት።

የቁልፍ ቆርቆሮዋን አመጣች። አንድ የሸሚዝ ቁልፍ አንስታ ወረቀቱ ላይ አስቀመጠች። ሁለት ቀዳዳ ከጎኑ ብቅ አለ። ቁልፉን መልሳ ሌላ ፈለገች፣ ትልቅ ጥቁር።

"የኮት ነው" አለች።

ዕቃዬን ስሰበስብ ያ የተሳሳተው ጓርኒሲዮን ጠረጴዛው ላይ ቀርቷል። ልመልሰው ብዬ ፖስታው ውስጥ ልከተው ስል ከእጄ ወሰደችው። ጎንበስ አለች፣ ጠረጴዛውን በትከሻዋ ቀና አድርጋ ከአጭሩ እግር ሥር አስገባችው። በሁለት እጇ ተደገፈችበት። አልተነቃነቀም።

"ይሄኛው ልክ ነው" አለችና የተረፈውን ሾርባ በዕቃ ልትቀዳልኝ ሄደች።